በቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ የእርሻ መሬት ሽያጭና ስም ዝውውር

እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ በያዟቸው ቅኝ ግዛቶች የእርሻ መሬት ቶሎ ቶሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ትንባሆ ማሳን በጥቂት ዓመታት ስለሚያደክም የቨርጂኒያ ገበሬ የደከመውን መሬት ሸጦ ድንግል አፈር ፍለጋ ወደ ምዕራብ ያቀናል፤ የማሳቹሴትሱ ደግሞ ወንዶች ልጆቹ በዝተው እርሻው ሲጠብባቸው ይሸጣል። ሕጉ በመሠረቱ የእንግሊዝ ነው። ይሁን እንጂ የስም ዝውውሩ አብዛኛው ደረጃ አንድ የታወቀ ማጭበርበር ወይም ክርክር ደርሶ ያንን ለመዝጋት የገባ ስለሆነ፣ ሥርዓቱን ለመረዳት የሚሻለው ምን ምን ይበላሽ እንደነበር ማየት ነው።

የሻጩ መብት ከየት መጣ የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ምድሪቱ የነባር ሕዝቦች ነበረች። ሰፋሪው በግሉ ከእነሱ መግዛቱ ግን ብዙ ቦታ ተከልክሏል፤ ማሳቹሴትስ ያለ ጠቅላላ ፍርድ ቤቱ (የቅኝ ግዛቱ ሕግ አውጪ ጉባኤ) ፈቃድ እንዳይገዛ በ1634 እ.ኤ.አ. ደነገገ፣ የንጉሡ የ1763 አዋጅም ክልከላውን አጠቃላይ አደረገው። ስለዚህ የማንኛውም እርሻ ሰነድ ወደ ኋላ ሲቆጠር የሚደርሰው ከዘውዱ፣ ከቅኝ ግዛቱ ባለቤት ወይም ከከተማው መሥራቾች ወደተሰጠ ስጦታ ነው። በቨርጂኒያ ወደ ቅኝ ግዛቱ ለመጣ ወይም ለመጣ ሰው የመርከብ ጉዞ ለከፈለ በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር ይሰጥ ነበር (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ያህል ነው)። በፔንሲልቬንያ በቅደም ተከተል የልኬታ ትእዛዝ፣ ልኬታና የባለቤትነት ደብዳቤ ነበሩ። ብዙ ሰው በትእዛዙና በልኬታው ላይ ብቻ ተቀምጦ ደብዳቤውን ሳያወጣ መሬቱን ይሸጥ ስለነበር ገዢው የሚረከበው በግማሽ የቀረ ጉዳይ ይሆናል። ከኒው ኢንግላንድ ውጭ ደግሞ በአብዛኛው ዓመታዊ የመሬት ክፍያ ነበረ። በቨርጂኒያ ለ100 ኤከር 2 ሺሊንግ ነው (አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ነው)። ዕዳው የመሬቱ ስለሆነ ያላጣራ ገዢ ውዝፉንም አብሮ ይገዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬታ ነው፤ ክርክርም ከሁሉ የሚበዛው በዚህ ነበር። ቀያሹ ኮምፓስና የጉንተር ሰንሰለት ይዞ ይወጣል። ሰንሰለቱ 66 ጫማ ርዝመትና 100 ዘለበት አለው፤ 80 ሰንሰለት አንድ ማይል፣ 10 ካሬ ሰንሰለት ደግሞ አንድ ኤከር ነው። 40 በ25 ሰንሰለት የሆነ ማሳ 1,000 ካሬ ሰንሰለት፣ ማለትም ልክ 100 ኤከር ይወጣዋል። የእኛን ቃላድ ለሚያውቅ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በገጠር ግን አብዛኛው ሰነድ ርዝመትን የሚጽፈው በሰንሰለት ሩብ፣ በ16 ጫማ ተኩል ዘንግ ነው።

ድንበሩ በቃል ይጻፋል። ከወንዙ ዳር ካለ ነጭ ኦክ ዛፍ ተነስቶ፣ ከሰሜን 40 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ 120 ዘንግ ተጉዞ የአዋሳኙ ማዕዘን ላይ ካለ ሂኮሪ ዛፍ ይደርሳል፤ እንዲህ እያለ ዞሮ መነሻው ዛፍ ላይ ይዘጋል። የማዕዘን ዛፍ ግንዱ ላይ በመጥረቢያ ምልክት ይቀረጽበታል፤ በመስመሩ ላይ ያሉትም ቅርፊታቸው ተልጦ ምልክት ይደረግባቸዋል። ዛፍ ከሌለ ካስማ ተተክሎ ድንጋይ ይከመርበታል። ከዚያ በኋላ ዛፉ ይወድቃል፣ ወንዙ አልጋውን ይቀይራል፣ የአዋሳኙም ስም በሽያጭ ይለወጣል። ከመጠቀም ብዛት ቀለበቶቹ ሰፍተው በግማሽ ጫማ የረዘመ ሰንሰለት 101 ኤከር ተኩል የሆነውን መሬት 100 ኤከር ብሎ ያስጽፋል። ኮምፓስ የሚያሳየው ሰሜን ደግሞ ከዓመት ዓመት ይንሸራተታል። የአንድ ዲግሪ ልዩነት በአንድ ማይል መስመር ጫፍ ላይ 92 ጫማ ያህል ያስታል፤ የአያቱን መስመር በራሱ ኮምፓስ የሚከተል የልጅ ልጅ ጎረቤቱ ማሳ ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ሰነዶች ከኤከሩ ቁጥር ቀጥሎ «ይብዛም ይነስም» የሚሉት ለዚሁ ነው። ፍርድ ቤቶችም ሲዳኙ ወንዝና ምልክት ያለበትን ዛፍ ከዲግሪና ከርዝመት ያስቀድማሉ፤ የስፋቱ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚታይ ነው።

በጥንቱ የእንግሊዝ ልማድ መሬት የሚተላለፈው ቦታው ላይ ቆሞ ነው። ሻጩ ጓል አፈርና ለጋ ቅርንጫፍ አንስቶ በምስክሮች ፊት ለገዢው ያስረክባል፣ ርክክቡም በሰነዱ ጀርባ ይጻፋል። ቅኝ ግዛቶቹ ይህን ቀስ በቀስ ትተው በምዝገባ ተኩት። ማሳቹሴትስ በ1640 ባወጣው ሕግ፣ ሻጩ ይዞታው ላይ እንደተቀመጠ የተደረገ ሽያጭ ወይም መያዣ ካልተመዘገበ ሦስተኛ ወገንን አያስርም። ያው መሬት ሁለቴ እንዳይሸጥ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ሽያጩን በሁለት ወረቀት የመፈጸም ልማድ ለረጅም ጊዜ ቆየ። በመጀመሪያው ቀን ሻጩ መሬቱን ለአንድ ዓመት በ5 ሺሊንግ ያከራያል፤ ኪራዩም ከተጠየቀ የሚከፈል አንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ነው። በማግስቱ የቀረውን መብቱን በሙሉ ዋጋ ይለቃል። በእንግሊዝ የ1536 ሕጎች መሠረት ኪራዩ ይዞታውን በወረቀት ብቻ ወደ ገዢው ስለሚያዞረው ቦታው ድረስ ሄዶ መረካከብ አያስፈልግም። ዛሬ መዝገብ የሚያገላብጡ ሰዎች የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻ ካዩ እርሻው ለአንድ ዓመት የተከራየ ወይም በ5 ሺሊንግ የተቸበቸበ ይመስላቸዋል።

ባለ ሁለት ወገን ውል ጥንት በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ መሐሉ በጥርስ ቅርጽ ይቆረጥ ነበር፤ ሁለቱ ግማሾች ሲጋጠሙ ከገጠሙ ሰነዱ እውነተኛ ነው። ውሉ የወገኖቹን ስምና መኖሪያ፣ ዋጋውን፣ ድንበሩን፣ መሬቱ ከዕዳና ዕገዳ ነፃ መሆኑን፣ ሻጩም ተከራካሪ ቢመጣ ገዢውን እንደሚጠብቅ ይናገራል። መጻፍ የማይችል ምልክቱን ያደርጋል። ሁሉም በሰም ያትማሉ፣ ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ከዚያ ሻጩ ራሱ ወይም ምስክሮቹ በዳኛ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ያረጋግጣሉ። ጸሐፊው ወደ መዝገብ ገልብጦ ዋናውን ለባለቤቱ ይመልሳል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የሚታየው ፊርማ የጸሐፊው እጅ ነው፤ ማህተሙም ብዙ ጊዜ በቀለም የተሳለ ክብ ብቻ ነው።

የሚስት ጉዳይ ለብቻው ነው። ባሏ ሲሞት መበለቷ ከመሬቱ ሲሶውን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የመጠቀም መብት ስለነበራት፣ እሷ ያልለቀቀችውን እርሻ የገዛ ሰው ከ20 ዓመት በኋላም ልትከሰው ትችላለች። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሚስቲቱ ባሏ በሌለበት ትጠየቃለች፦ በፈቃድሽ ነው ወይስ ተገደሽ? ፍርድ ቤት መምጣት ካልቻለች ዳኞች ቤቷ ድረስ ይላካሉ። ይህ ማረጋገጫ የጎደለበት ሰነድ ውስጡ ጉድጓድ አለው።

ዋጋው ፓውንድ ይባል እንጂ ፓውንዱ በየቅኝ ግዛቱ ይለያያል። አንዱ የስፔን ብር ዶላር በእንግሊዝ ገንዘብ 4 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በማሳቹሴትስ 6 ሺሊንግ፣ በፔንሲልቬንያ 7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ፣ በኒው ዮርክ 8 ሺሊንግ ይቆጠር ነበር። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ (በቨርጂኒያና በሜሪላንድ) አካባቢ ደግሞ ዋጋው በትንባሆ ክብደት የተጻፈ ሰነድ ሞልቷል። ቀኑም ያሳስታል። እስከ 1752 አዲስ ዓመት የሚገባው በእነሱ መጋቢት (ማርች) 25 ስለነበር የየካቲት (ፌብሩዋሪ) ሰነድ 1730/31 ተብሎ በሁለት ዓመት ይጻፋል፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዞ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ብዙም አይከብድም።

ለተወሰነ የዘር ሐረግ ብቻ እንዲወርድ የታሰረ መሬት ከሁሉ የከፋ ወጥመድ ነበር። ቨርጂኒያ በ1705 ይህን እስራት በፍርድ ቤት ሥርዓት መፍታትን ስለዘጋች እያንዳንዱ ባለመሬት ከሕግ አውጪው ምክር ቤት ልዩ ሕግ ማስወጣት ነበረበት። ከ1734 በኋላ ዋጋቸው ከ200 ፓውንድ ላልበለጠ መሬቶች ቀለል ያለ መንገድ ተከፈተ፣ በ1776 እስራቱ ራሱ ተሻረ። በዚያው በ1705 ባሪያዎችም በሕግ እንደ ማይንቀሳቀስ ንብረት ተቆጠሩ። ውርሳቸው እንደ መሬት ሆነ፤ ሰውን መሸጥ ግን እንደ መሬት ሽያጭ መመዝገብ አላስፈለገውም። በፔንሲልቬንያና በሜሪላንድ ወሰን አካባቢ ደግሞ ቻርልስ ሜሰንና ጀረማያ ዲክሰን ከ1763 እስከ 1767 መስመሩን እስኪለኩ ድረስ ሁለቱም ግዛቶች ያንኑ መሬት ለተለያየ ሰው ይሰጡ ነበር።

ድንበር እንዳይጠፋ ቨርጂኒያ ደብሮችን ኃላፊ አድርጋ ነበር። በየአራት ዓመቱ የተመረጡ ሰዎች ከባለርስቶቹ ጋር መስመሩን በእግር ይዞራሉ፣ የዛፎቹን ምልክትም ያድሳሉ። ዛፉ ከወደቀ ሽማግሌዎች ምለው ቦታውን ያሳያሉ። ሦስት ጊዜ በዚህ መንገድ የተዞረ ድንበር፣ የመጀመሪያው ቀያሽ የለካው ቢሳሳትም፣ ከዚያ በኋላ አይነካም።