ኬኒ ዳልግሊሽ፦ ከግላስጎው እስከ አንፊልድ

ኬኒ ዳልግሊሽ የስኮትላንድ የምንጊዜም ምርጥ ተጫዋች ነው ብል ብዙ ሰው የሚከራከረኝ አይመስለኝም። ትልቅነቱ ሙሉ ለሙሉ የታየው ግን፣ ለእኔ፣ አሰልጣኝ ሆኖ ከሜዳ ውጪ ባደረገው ነገር ነው።

የተወለደው በ1951 ግላስጎው ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ልጅ እያለ የሬንጀርስ ደጋፊ ነበር፤ የፈረመው ግን ለባላንጣው ለሴልቲክ ነው። በአሰልጣኙ ጆክ ስታይን ስር 4 ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆነ፣ 167 ጎልም አገባ።

ነሐሴ 1977 ላይ ሊቨርፑል በ440,000 ፓውንድ ገዛው። ኬቨን ኪጋን ወደ ሐምቡርግ ሄዶ ደጋፊው ቅር ብሎት ነበርና የእሱን 7 ቁጥር መልበስ ቀላል ሸክም አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመቱ መጨረሻ፣ በ1978ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ዌምብሌይ ላይ ከክለብ ብሩዥ ጋር 0 ለ 0 እንዳሉ የቡድን ጓደኛው ግሬም ሱነስ ኳሷን አሾልኮ ሰጠው። ዳልግሊሽ ወዲያው አልመታም። በረኛው እስኪወድቅ ጠበቀና ኳሷን ከላዩ አሳልፎ መረብ ውስጥ ከተታት። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። ፈጣን አልነበረም እኮ፤ ግን ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ኳስ ሲይዝ የሚነጥቀው አልነበረም፣ አጥቂው ኢያን ረሽም ከእሱ ስንት ጎል የሚሆን ኳስ ተቀብሏል። በ1981 እና በ1984 ዋንጫውን ደገመ። ለስኮትላንድ 102 ጊዜ ተሰልፎ 30 ጎል አግብቷል።

በ1985 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደጋፊዎች ከሞቱበት ከሄይዘል ስታዲየም አደጋ ማግስት የሊቨርፑል ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆነ። በዓመቱ ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን አንድ ላይ ወሰደ፤ ሊጉን ያረጋገጠችውን ጎል ቼልሲ ላይ ያገባው ራሱ ነው።

ከዚያ ሚያዝያ 15 ቀን 1989 መጣ። በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መረጋገጥ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሞቱ። ዳልግሊሽ ከባለቤቱ ከማሪናና ከተጫዋቾቹ ጋር ሐዘንተኛ ቤተሰቦችን ሲያጽናና ሰነበተ። በአንድ ቀን ብቻ አራት ቀብር ላይ ተገኝቷል። ገና 38 ዓመቱ ነበር፣ ቡድኑም መጫወት ነበረበት። በ1990 ሊጉን እንደገና በላ፤ ውስጡ ግን ተጎድቶ ነበር። የካቲት 1991 ላይ ከኤቨርተን ጋር 4 ለ 4 በወጡ በሁለተኛው ቀን፣ ሊቨርፑል ሊጉን እየመራ ሳለ፣ ጫናው ከአቅሜ በላይ ሆነ ብሎ ለቀቀ።

ያኔ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የነበረውን ብላክበርንን ይዞ፣ አላን ሺረርን አስፈርሞ፣ በ1995 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። በመጨረሻው ቀን የተሸነፈው በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ ነው፤ ተፎካካሪው ማንቸስተር ዩናይትድ ከዌስትሃም አቻ ባይወጣ ኖሮ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ኒውካስል ብዙም አልሆነለትም፤ በ1998 ተሰናበተ።

በ2011 ሊቨርፑል ሲቸገር መልሶ ጠራው። በቀጣዩ ዓመት የሊግ ካፕ ቢያመጣም በሊጉ 8ኛ ሆኖ በመጨረሱ አሰናበቱት። ክለቡ በ2017 ከአንፊልድ ትሪቡኖች አንዱን በስሙ ሰየመለት።