ብርሃን የሚያሳልፍ ኮንክሪት የመብራት ሂሳብ አይቀንስላችሁም

ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። በምሽት የተነሳ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚያበራ የኮንክሪት ግድግዳ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍም አይለወጥም፦ «ኃይል ቆጣቢው የነገ ኮንክሪት»። የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁና ደንበኞች ይህን ፎቶ ስልካቸው ላይ እያሳዩ «እንዲህ አድርግልኝ፣ መብራት አያስፈልገኝም» ይሉኛል። ሰለቸኝ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2001 ይዞ የመጣው የሃንጋሪው አርክቴክት አሮን ሎሶንቺ ነው። ሊትራኮን ባለው ምርቱ ውስጥ እጅግ ብዙ ቀጫጭን የኦፕቲካል ፋይበር ክሮች (ብርሃን የሚያስተላልፉ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ክሮች) ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው ፊት ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ብርሃን በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ ክሩ ውስጥ እየተንጸባረቀ ይሄድና በሌላው ይወጣል። ኮንክሪቱ ራሱ ቅንጣት ብርሃን አያሳልፍም።

ስለ እሱ የሚወራውን አንድ በአንድ እንይ። «በራሱ ያበራል።» አያበራም። የምሽቱ ፎቶ ላይ የምታዩት ከጀርባው የተደበቀ ኤልኢዲ ነው። እሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይበላል።

«እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያል።» የሚያሳየው ጥላ ነው። ሰው ከኋላው ሲያልፍ ቅርጹን ትለያላችሁ፣ ፊቱን አትለዩም።

«ግድግዳው ከወፈረ ይጨልማል።» ይሄኛው የዋህ ስህተት ነው። ክሩ በመንገድ ላይ የሚያባክነው ብርሃን በጣም ትንሽ ስለሆነ በ5 እና በ50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት መካከል ያለውን ልዩነት ዓይናችሁ እምብዛም አያስተውለውም።

«ክር ስለገባበት ደካማ ነው።» ክሩ ጥቂት እስከሆነ ድረስ አይደለም። የሊትራኮን የመጨመቅ ጥንካሬ በካሬ ሚሊ ሜትር 50 ኒውተን ገደማ ነው፤ ጥሩ የሚባል ኮንክሪት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ። «ኃይል ይቆጥባል» ሲባል ሁለት ነገር ተደባልቆ ነው የሚወራው፤ ብርሃንና ሙቀት።

ከብርሃኑ እንጀምር። ክሮቹ ከግድግዳው ፊት የሚይዙት 4 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ድፍን ኮንክሪት ነው። ስለዚህ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ ግድግዳው ላይ ካረፈው ብርሃን ከ4 በመቶ በላይ ሊያልፍ አይችልም። ተራ ድርብ መስታወት 80 በመቶ ገደማ ያሳልፋል። 10 ካሬ ሜትር ግድግዳ ውሰዱ። ደመናማ በሆነ ቀን 4,000 ሉክስ ብርሃን፣ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 4,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ ያርፍበታል እንበል። በጠቅላላው 40,000 ሉመን ነው። 4 በመቶው 1,600 ሉመን። ይህ የ15 ዋት ገደማ የሆነ አንድ የኤልኢዲ አምፖል የሚሰጠው ብርሃን ነው። አንድ አምፖል! ወይም ግማሽ ካሬ ሜትር መስኮት።

ያውም በጣም ቸር ሆኜ ነው ያሰላሁት። ክር ብርሃንን ከየአቅጣጫው አይቀበልም። ከፕላስቲክ የተሠራ ፋይበር ከቀጥታው መስመር 30 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለውን ድረስ ያስገባል፤ ከዚያ ያለፈው ውስጡ አይዘልቅም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጨረሯ ግድግዳውን ታክኮ ነው የሚወርደው። ብርሃን በተትረፈረፈበት ሰዓት ግድግዳችሁ የፀሐይዋን ቀጥተኛ ጨረር አያገኝም ማለት ነው።

«በሻንጋይ ኤክስፖ የነበረውስ?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጣሊያን ፓቪሊዮን (የኤግዚቢሽን አዳራሽ) የተሸፈነበት ፓነል ሌላ ምርት ነው። በፋይበር ፈንታ ሬዚን የሚባል ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ገብቶበታል፤ ሬዚኑ ከሰፊ ማዕዘን ብርሃን ይቀበላል። የአንዱን ቁጥር ለሌላው አትስጡ።

ወደ ሙቀቱ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ኮንክሪት ሙቀት አስተላላፊ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርቃኑን የቆመ የኮንክሪት ግድግዳ ከተራ ድርብ መስታወት የበለጠ ሙቀት ያስወጣል፤ 3 ሳንቲ ሜትር ፓነል ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ታዲያ ኢንሱሌሽን (ሙቀት የሚከላከል ሽፋን) እናልብሰው? ኢንሱሌሽኑን ስትለጥፉበት ብርሃኑን ዘጋችሁት። ክሩን በኢንሱሌሽኑ አልፎ እንዲወጣ አድርጎ በንብርብር መሥራት ይቻላል፤ ግን ያኔ ሙቀቱን የያዘላችሁ ኢንሱሌሽኑ እንጂ ኮንክሪቱ አይደለም። ሲሚንቶውንም አትርሱ። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። ክሩ እንዲቀመጥ ድብልቁ ደቃቅ መሆን አለበት፤ ትልልቅ ጠጠር ስለማይገባበት ሲሚንቶው ይበዛል።

አንድ ደንበኛዬ የቢሮውን መስኮቶች አስቀንሶ በዚህ ግድግዳ ሊተካ ቆርጦ ነበር። ስሌቱን ሳሳየው «ታዲያ ለምን ኃይል ቆጣቢ ይሉታል?» አለኝ። ሻጩን ጠይቅ አልኩት። በመጨረሻ መስኮቶቹን ወደ ላይ ከፍ አደረግናቸው፣ ከውጭ የፀሐይ መከላከያ ሰጠናቸው፣ መብራቱን ከሴንሰር ጋር አገናኘነው። ሰው የማይደነቅበት አሰልቺ መፍትሔ ነው፤ ይሠራል ግን።

ሌላም አለ። የሥራ ተቋራጮች «ክሩን ሚክሰር ውስጥ ጨምረን እናዟዙረው» ይሉኛል። እባካችሁ! ክሩ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆረጥ መዝለቅ አለበት፣ እንደ ውሃ ቧንቧ። ተበታትኖ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ክር ምንም አያሳልፍም። ሻጋታ ውስጥ አንድ ስስ ድርብ ኮንክሪት ይፈስሳል፣ አንድ ድርብ ክር ይዘረጋል፣ እንደገና ኮንክሪት። ሲደርቅ በመጋዝ ይቆረጥና ፊቱ ይወለወላል። ዋጋው የሚሰቀለው በዚህ ልፋት ነው።

ታዲያ አትግዙት ማለቴ ነው? አይደለም፣ እኔም ወድጄ የምጠቀምበት ቦታ አለ። መስኮት የሌለው ኮሪደር በደንብ ብርሃን ከሚያገኝ ክፍል ጋር ሲጎራበት በመሃል ያለው ግድግዳ ከዚህ ቢሠራ ኮሪደሩ ድፍን ጨለማ አይሆንም፣ የክፍሉም ገመና አይጋለጥም። ሁለቱም ወገን ቤት ውስጥ ስለሆነ የኢንሱሌሽኑ ጣጣ የለም። ደረጃ ቤትና የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒም ያምርበታል። ለውበቱ ክፈሉ፣ ለቁጠባ ብላችሁ አትክፈሉ።

ለውጭ ግድግዳ ካሰባችሁት ግን ሻጩን ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት። ብርሃን ሰያፍ ሲመታው ስንት በመቶ ያሳልፋል? ሙሉው ግድግዳ፣ ከነኢንሱሌሽኑ፣ ምን ያህል ሙቀት ያስወጣል? ክሩ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ የእሳት ፈተናው የታለ? የተለመደው የአክሪሊክ ፋይበር ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፤ ዙሪያው ያለው ኮንክሪት ግን ያኔ ገና ምንም አልሆነም።