ሬይል ትሬይል ምንድን ነው?

ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር። ባቡሩ ሥራ አቆመ፣ ሐዲዱ ተነቀለ፣ በቦታው ጠጠር ወይም አስፋልት ተነጠፈ። አሁን እግረኛና ብስክሌት ነው የሚሄድበት። ሬይል ትሬይል የሚባለው ይኸው ነው።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መንገድ ከ2 ሺህ በላይ አለ። የአገሪቱ የባቡር መስመር በ1916 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) 400 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ መኪናው በዛ፣ ጭነቱም ወደ ከባድ መኪና ዞረ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ችግሩ ሐዲድ ሲነቀል መሬቱ ብዙ ጊዜ ለአጎራባች ባለመሬቶች መመለሱ ነው። ያን የመሰለ ረጅም መስመር አንዴ ከተበጣጠሰ መልሶ ማገጣጠም የማይታሰብ ነው። በ1983 ኮንግረስ መፍትሔ አበጀለት፦ ወደፊት ባቡር ካስፈለገ መስመሩ ለባቡር ይመለሳል፣ እስከዚያው ግን ሰው ይሂድበት።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን የሚባለው ትሬይል ከአርሊንግተን፣ ሽርሊንግተን አጠገብ ይነሳና በምዕራብ በኩል ፐርሰልቪል ድረስ ይዘልቃል። ርዝመቱ 45 ማይል ነው፤ 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስፋቱ ግን 30 ሜትር ያህል ብቻ፣ አስፋልቱማ ከዚያም ውስጥ 3 ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ በ1968 ሲቆም አብዛኛውን መሬት የኤሌክትሪክ ኩባንያ ገዛው። በመንገዱ ዳር የሚታዩት ትልልቅ የመብራት ምሰሶዎች የዚያ ታሪክ ናቸው፤ ዓይን አይማርኩም፣ ግን መስመሩ ሳይቆራረጥ የቆየው በእነሱም ምክንያት ነው። በኋላ የሰሜን ቨርጂኒያ የፓርክ ባለሥልጣን ቦታውን ተረክቦ ክፍል በክፍል አስፋልት አለበሰው። ፐርሰልቪል የደረሰው በ1988 ነው።

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የከተማውን ጫፍ ነው። እዚያ መንገድ ማቋረጫው ይበዛል፣ ቅዳሜና እሁድ ብስክሌቱ ይተራመሳል፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ግንብ ጀርባ የመኪና ድምፅ አለ። በእኔ ግምት ትሬይሉ ራሱን የሚያሳየው ከሊስበርግ ከተማ ወዲያ ነው። ላውደን ካውንቲ ውስጥ እርሻ፣ የፈረስ ግጦሽ፣ ጫካ ይጀምራል።

እዚህ ላይ የባቡሩ ውለታ ይታያል። የብረት ጎማ በብረት ላይ ሲሄድ ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ የመስመሩ መሐንዲሶች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን በአፈር ሞልተው፣ ከፍታውን ቀስ በቀስ ነው ያወጡት። ከሊስበርግ እስከ ክላርክስ ጋፕ ያለው የመስመሩ ትልቁ ዳገት ነው፤ እሱም ቢሆን እግር ሳያውቀው የሚወጣ ዓይነት ነው። ክላርክስ ጋፕ የትሬይሉ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ እዚያ ከአሮጌ የድንጋይ ቅስት ድልድይ ሥር ታልፋላችሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አረጋውያን፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ፣ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ሁሉ የገጠር አየር የሚያገኝበት መንገድ ከዚህ የተሻለ ብዙ አይገኝም።

እንስሳቱስ? ጫካና ሜዳ የሚገናኙበት ጠርዝ ለአውሬ ይመቻል፦ መብሉ ሜዳው ላይ፣ መደበቂያው ዛፉ ሥር። ሬይል ትሬይል ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ጠርዝ ነው። ማለዳ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብትሄዱ አጋዘን ታያላችሁ፤ አንዷ ካለፈች ቁሙ፣ ከኋላዋ ሌላ አለ። ግራውንድሆግ የሚሉት ወፍራም ፍጥረት ከባሌ ሽኮኮ ጋር ዘመድ ባይሆንም ቁጭ ብሎ ሲያያችሁ ቁርጥ እሱን ነው። ሊስበርግ ሳትደርሱ ጉስ ክሪክን የሚሻገረው ድልድይ ላይ ቆም በሉ። ከታች ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ፣ ግሬት ብሉ ሄሮን፣ ውሃው ውስጥ ምንም ሳይነቃነቅ ዓሣ ሲጠብቅ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ብርቱካናማና ቢጫ ጌጥ ያላት ኤሊ አስፋልቱን ስታቋርጥ ካያችሁ፣ ብስክሌት እንዳይረግጣት አንስታችሁ ወደምትሄድበት አቅጣጫ አሻግሯት። ወደመጣችበት ብትመልሷት ዞራ ያንኑ መንገድ ትጀምረዋለች። ለልጆቹ ብላችሁ ቤት እንዳትወስዷት። አስፋልቱ ፀሐይ ስለሚይዝ እባብም ይሞቅበታል። ብዙውን ጊዜ የምታዩት ጥቁሩ፣ መርዝ የሌለው ነው። ግን ኮፐርሄድ የሚባል መርዘኛም በቨርጂኒያ አለና ሁሉንም በሩቁ እለፉት።

ከእባቡ ይልቅ የምፈራው መዥገሩን ነው። ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፣ ላውደን ደግሞ በዚህ በሽታ የታወቀ ነው። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ረጅም ሣር ውስጥ ከገባችሁ፣ ቤት ስትደርሱ ከጉልበት ጀርባና ከብብት ሥር ፈትሹ፤ የልጆቹን ፀጉርም።

የመንገዱ ደንብ አጭር ነው። ቀኝ ያዙ። ስታልፉ በግራ እለፉ፣ ከማለፋችሁ በፊት ደወል ደውሉ ወይም ድምፅ አሰሙ። ቤተሰብ አራት ሆኖ ጎን ለጎን መሄድ የሐበሻ ወግ ነው፣ እዚህ ግን ያጋጫል። መኪና መንገድ ማቋረጫ ላይ ትሬይሉ የራሱ የቁም ምልክት አለው፤ ብስክሌትም ይመለከተዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ መኪናውን ሊስበርግ አቁሞ ወደ ፐርሰልቪል ማቅናት ይሻላል። 11 ማይል ያህል ነው፣ ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ያልቃል፣ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ይረዳል። መጨረሻው ላይ የታደሰው የድሮ ባቡር ጣቢያ አለ፤ መጸዳጃ ቤትም እዚያው ታገኛላችሁ። መሀል ላይ ሱቅ እንደ ከተማው በየሜዳው ስለሌለ ውሃውን ከሊስበርግ ሞልታችሁ ውጡ።