ቪዛው ሥራ አይሰጥም፦ ስለ ሪሞት ቪዛ ጅማ ውስጥ የሚወሩ ስህተቶች

ሥራዬ ሰነድ መተርጎምና የቪዛ ፋይል ማዘጋጀት ነው። ቢሮዬ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ነው። ቀድሞ ወደ እኔ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ለትምህርት ወይም ለዓረብ አገር ሥራ የሚሄድ ነበር። አሁን ሶፍትዌር የሚሠሩ፣ ዲዛይን የሚሠሩ፣ ለውጭ ድርጅት ሒሳብ የሚይዙ ወጣቶች በርክተዋል። ብዙዎቹ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የወጡ ናቸው። የሚጠይቁኝ ስለ ሪሞት ቪዛ ነው፤ ዲጂታል ኖማድ ቪዛ የሚሉትም አሉ። ለአንድ አገር ድርጅት በኢንተርኔት እየሠራችሁ፣ በሌላ አገር ዓመትና ከዚያ በላይ እንድትኖሩ የሚፈቅድ ቪዛ ነው።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ እንዲሳካላቸውም ከልቤ እፈልጋለሁ። የሚያናድደኝ ይዘውት የሚመጡት ወሬ ነው። አንዱ ከቲክቶክ ሰምቶ ይመጣል፣ ሌላው ከደላላ፣ ሌላው ከአክስቱ ልጅ። ያንኑ ስህተት ሳርም ውዬ እገባለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጠው። ለሕጎቹ የጠቀስኳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ቪዛው ይውጣልኝ እንጂ ሥራ እዚያ አላጣም»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው። ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳውም ይኸው ነው።

ሪሞት ቪዛ የሥራ ቪዛ አይደለም። መጀመሪያ ሥራው ይቀድማል፤ ከዚያ ገቢው ይታያል፤ ቪዛው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አገሮቹ ይህን ቪዛ ያወጡት ደመወዙን ከውጭ እያስመጣ እነሱ ዘንድ ቤት የሚከራይና የሚገበያይ ሰው ፈልገው ነው። የዜጎቻቸውን ሥራ የሚሻማ ሰው አልፈለጉም። ለዚህ ነው እዚያው አገር ተቀጥሮ መሥራትን የሚከለክሉት ወይም በጣም የሚገድቡት።

ስፔንን እንውሰድ። ሕጓ ሥራ ላይ የዋለው በ2023 መጀመሪያ ነው። በግላችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከስፔን ደንበኞች የምታገኙት ከጠቅላላ ሥራችሁ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ ቀጣሪያችሁ ከስፔን ውጭ ያለ ድርጅት መሆን አለበት። ይህም ብቻ አይደለም። ከቀጣሪያችሁ ወይም ከደንበኛችሁ ጋር ቢያንስ 3 ወር የሠራችሁ መሆን አለባችሁ። ድርጅቱ ራሱ ቢያንስ 1 ዓመት ሥራ ላይ የቆየ መሆን አለበት። ዲግሪ ወይም የ3 ዓመት የሥራ ልምድም ትጠየቃላችሁ። እንግዲህ ሥራ ያልጀመረ ሰው ከዚህ ውስጥ የትኛውን ያሟላል?

ፖርቱጋልም ያው ናት። ዲ8 የሚባለው ቪዛዋ በ2022 መጨረሻ ነው የጀመረው። የአገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ የሚያህል ወርሃዊ ገቢ ይጠይቃል። በ2025 ዝቅተኛው ደመወዝ 870 ዩሮ ነበር፤ አራት እጥፉ 3,480 ዩሮ ይሆናል። በብር ሲመነዘር በወር ከ400,000 በላይ ነው። ይህን ገቢ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ ስታገኙ እንደነበር ታሳያላችሁ። ዝቅተኛው ደመወዝ ሲጨምር የሚጠየቀው ገቢም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ዓምና ያመለከተ ሰው የነገራችሁን ቁጥር ይዛችሁ አትሂዱ።

አንድ ልጅ ከአጋሮ ከአባቱ ጋር መጣ። በአካውንቲንግ የተመረቀ ነው፤ ለውጭ ድርጅት ሠርቶ ግን አያውቅም። አንድ ደላላ «ሪሞት ቪዛ ከነሥራው» ብሎ ቀብድ ተቀብሏቸዋል። ገንዘቡ የዓመቱ የቡና ሽያጭ ነው። ልጁ የሥራ ኮንትራት የሚል ወረቀት ይዟል፤ እኔ እንድተረጉምለት ፈልጎ ነው የመጣው። አየሁት። የድርጅቱ አድራሻ የመንገድ ስም እንኳ የለውም። ኢሜይሉ ማንም በነጻ የሚከፍተው ዓይነት ነው። ደመወዙ ቪዛው ከሚጠይቀው መጠን ላይ ልክክ ብሎ ተቀምጧል፤ አንድ ዩሮ አይበልጥም፣ አንድ ዩሮ አያንስም። ኤምባሲ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሲያይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

አባትየው አዘኑብኝ። «ልጄ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ሲሄድ የእኔ ለምን ይቀራል?» አሉኝ። «አባባ፣ እርስዎ እንዲያመለክት አይደለም የከፈሉት፤ ለሐሰት ወረቀት ነው የከፈሉት። ይህን ይዞ ከገባ ስሙ ይበላሻል፤ ሌላ ጊዜ እውነተኛ ፋይል ይዞ ሲሄድም አያምኑትም» አልኳቸው። ብሩ አልተመለሰም። ልጁ ግን ወረቀቱን አላስገባም። አሁን ጅማ ውስጥ ሒሳብ እየያዘ ማታ ማታ የኦንላይን ደንበኛ ይፈልጋል። መንገዱ ይኼ ነው። ረጅም ነው፣ ግን ያደርሳል።

እዚህ ላይ ምክሬን ልስጥ። ስለ ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ሥራችሁ ጠይቁ። ኮንትራታችሁ ከየትኛውም አገር ሆናችሁ እንድትሠሩ ይፈቅዳል ወይ? ብዙ ቀጣሪዎች ሪሞት ሲሉ «አዲስ አበባ ቢሮ ሳትመጣ» ማለታቸው ነው እንጂ ሊዝበን ሆነህ ሥራ ማለታቸው አይደለም። ከኢትዮጵያ ውጭ ሆናችሁ መሥራት እንደምትችሉ፣ ደመወዛችሁ ስንት እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትሠሩ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀጣሪያችሁ ውሰዱ። ቀጣሪው ይህን ደብዳቤ እምቢ ካለ የቪዛው ጉዳይ ለጊዜው እዚያ ላይ ቆሟል። ሌላ ደንበኛ ፈልጉ። ደላላ ግን አትፈልጉ።

«ባንክ ውስጥ ብዙ ብር ካሳየሁ ይበቃል»

አይበቃም። ከዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ከማመልከቻው በፊት በነበረው ሳምንት የገባ ብር በስቴትመንቱ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። የሚፈለገው በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ነው፤ ያም ከኮንትራቱና ለደንበኛ ከምትልኩት የክፍያ መጠየቂያ፣ ከኢንቮይሱ፣ ጋር መመሳሰል አለበት። ቁጠባን የሚመለከቱ አገሮችም አሉ። ታይላንድ በ2024 ያወጣችው ዲቲቪ የተባለው ቪዛ የ500,000 ባት ቁጠባ ይጠይቃል። 5 ዓመት ያገለግላል፤ በአንድ ጊዜ የሚያስቆየው ግን 180 ቀን ነው። እሱም ቢሆን ሥራችሁን ማሳየት አይቀርላችሁም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የተቃራኒው ነው። ገቢው እውነት ሆኖ ማስረጃ የሌለው ሰው። አንዲት ልጅ አለች፣ ዲዛይነር ናት፣ ደንበኞቿ አውሮፓ ናቸው። በደንብ ትከፈላለች። ክፍያው ግን የሚገባው ውጭ አገር በምትኖር አክስቷ ሒሳብ ነው። አክስቷ ዶላሩን እዚያ ትይዛለች፤ እዚህ ሰው ብሩን በእጅ ያመጣላታል። የጥቁር ገበያው ምንዛሪ ይሻል ስለነበር ነው እንዲህ ያደረገችው። ስቴትመንቷን አምጪ ስላት ያመጣችው ወረቀት ላይ የካርድ መሙያና የታክሲ ብር ብቻ ነው ያለው። ስንት ዓመት የሠራችው ሥራ በወረቀት ላይ የለም።

ስለዚህ ክፍያችሁን በራሳችሁ ስም፣ በባንክ ተቀበሉ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2024 ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ጠብቧል። በዚያው ማሻሻያ ከውጭ ገቢ ያላቸው ሰዎች ማስረጃ አቅርበው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ተፈቅዷል። ባንካችሁ ሄዳችሁ ምን ማስረጃ እንደሚፈልግ ጠይቁ። ይህን ከማመልከታችሁ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ኢንቮይስ በየወሩ ቁጥር እየሰጣችሁ አስቀምጡ።

«ሼንገን ቪዛ ካገኘሁ እዚያው ሆኜ እሠራለሁ»

ሼንገን አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚቀበሉት ቪዛ ነው። የአጭር ጊዜው ከ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ነው የሚያስቆየው። የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚደባለቅ ሌላ ወሬ አለ። «አውሮፓ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አጥብቃለች፣ አትሞክሩ» ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አስቀርቷል። ውሳኔው ግን በአጭር ጊዜው ቪዛ ላይ ነው። የረጅም ጊዜው ቪዛ የሚሰጠው በየአገሩ በራሱ ሕግ ነው። ሁለቱን አታቀላቅሉ።

«የኢስቶኒያ ኢ-ሬዚደንሲ አለኝ፣ መግባት እችላለሁ»

አትችሉም። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የሚሰጥ የዲጂታል መታወቂያ ነው። ድርጅት ለመክፈትና ሰነድ ለመፈረም ያገለግላል። የኢስቶኒያ ሪሞት ቪዛ ሌላ ነው።

«ጃፓንም ጀምራለች»

በ2024 ጀምራለች። 10 ሚሊዮን የን ዓመታዊ ገቢ ትጠይቃለች፤ የምታስቆየው 6 ወር ብቻ ነው። የሚፈቀድላቸው አገሮች ዝርዝር አለ፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ የትኛውንም አገር ከመምረጣችሁ በፊት የገቢውን መጠን ሳይሆን የፓስፖርት ዝርዝሩን ቀድማችሁ እዩ። በእንግሊዝኛ የተሠሩት ቪዲዮዎች በአብዛኛው የሌላ አገር ፓስፖርት ላለው ሰው የተሠሩ ናቸው።

«በዚያችው ገቢ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ»

በእያንዳንዱ ሰው የሚጠየቀው ገቢ ይጨምራል። ስፔን የዝቅተኛ ደመወዟን ሁለት እጥፍ ለአመልካቹ ትጠይቃለች። ለመጀመሪያው የቤተሰብ አባል የዚያኑ ዝቅተኛ ደመወዝ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 25 በመቶ ትጨምራለች።

«ውጭ ስለምኖር ግብር የለብኝም»

ዱባይ ለዚህ ነው የምትወደደው። የአንድ ዓመት የሪሞት ፈቃዷ በወር 3,500 ዶላር ገቢ ይጠይቃል፤ በግለሰብ ደመወዝ ላይ ግብር የላትም። አውሮፓ ግን እንዲህ አይደለም። በአብዛኛው አገር በዓመት ከ183 ቀን በላይ ከተቀመጣችሁ የዚያ አገር ግብር ከፋይ ትሆናላችሁ። የእኛም ሕግ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነን ሰው የውጭ ገቢውን ጨምሮ ግብር ይጠይቀዋል። ስትወጡ ግብራችሁን ዘግታችሁ ውጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ የግብር ባለሙያ የምትከፍሉት ገንዘብ ለደላላ ከምትሰጡት እጅግ ያንሳል።

«ዶክመንት ቀላል ነው፣ በአንድ ሳምንት ያልቃል»

ይህን የሚለኝ ሰው ሲመጣ ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ አስዘረጋዋለሁ። ከዚያ ስሙን እናነባለን። የጅማ ልጅ ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ስሙ በቁቤ ተጽፏል፤ አናባቢው ተደግሟል። ፓስፖርቱ ላይ ያው ስም ከአማርኛው ተገልብጦ በአንድ አናባቢ ተጽፏል። ዲግሪው ላይ ሬጅስትራር የጻፈው ሦስተኛ ዓይነት ነው። እኛ አንድ ሰው እንደሆነ እናውቃለን። ኤምባሲው ግን ሦስት ሰው ነው የሚያየው። ቀድሞ ማስተካከል፣ ካልተቻለም አንድ ሰው ስለመሆኑ ሕጋዊ ማረጋገጫ መያዝ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ቀኑ አለ። መስከረም 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጆች 1997 ነው የተወለደው። ጥር 1990 የተወለደ ግን 1998 ነው። ሁሉም ላይ 8 እየደመሩ የሚጽፉ አሉ፤ ከዚያ ልደቱ ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ዓመት ይለያያል።

ባልና ሚስት ደግሞ የአባት ስማቸው የተለያየ ስለሆነ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የግድ ነው። ውጭ አገር የቤተሰብ ስም አንድ እንዲሆን ይጠብቃሉ።

የዲግሪ ማስረጃ ትክክለኛነቱ ተረጋግጦ፣ ተተርጉሞ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ካረፈበት በኋላ ነው ኤምባሲ የሚሄደው። አንዱ ደረጃ ከተዘለለ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

«ጅማ ሆኖ አይቻልም፣ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ»

ቤት ለቃችሁ አትግቡ። ሥራችሁ ሪሞት ነው፤ ኪራይም እዚህ ይረክሳል። ትርጉሙን፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀቱን፣ ስም ማስተካከሉን፣ የባንክ ስቴትመንቱን ሁሉ እዚሁ ጨርሱ። አዲስ አበባ የምትሄዱት እዚህ ለማያልቅ ማኅተምና ለኤምባሲ ቀጠሮ ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ወረቀት ጉድለት ደጋግማችሁ አትመላለሱበት። ከወንጀል ነጻ የሚለውን ማስረጃ ቀድማችሁ አታውጡ፤ ጊዜው ያልፍባችኋል። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ፣ የኤምባሲው ቀጠሮ ሲታወቅ እሱን መጨረሻ ላይ አውጡት።