ሶኬቱን አዋሱህ እንጂ አልሰጡህም

ደብረ ማርቆስ ሆኖ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። በደወለልኝ ቁጥር ጥያቄው ያው ስለ ዌብሶኬት ነው፤ ብራውዘርና ሰርቨር መስመሩን ሳይዘጉ ወዲያና ወዲህ መልእክት ስለሚለዋወጡበት መንገድ። «ጋሼ፣ 101 መልሻለሁ፣ የቀረውን ላይብረሪው አይጨርሰውም እንዴ?» አይጨርሰውም! ስንቴ ልናገር።

ብራውዘሩ በተራ ኤችቲቲፒ ይመጣና ወደ ዌብሶኬት እንሻገር ይላል፣ ሰርቨሩ 101 የሚለውን የመልስ ኮድ ሰጥቶ ይስማማል፣ ከዚያ ወዲያ ኤችቲቲፒ የሚባል ነገር የለም። እንደ ሊብማይክሮኤችቲቲፒዲ ያለ ፕሮግራማችሁ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የሰርቨር ላይብረሪ ሶኬቱን፣ ማለትም የኮኔክሽኑን መያዣ ቁጥር፣ ያቀብላችሁና ዞር ይላል። ፍሬም (መልእክቱ የታሸገበትን ጥቅል) መፍታቱ፣ ለፒንግ («አለህ?») ፖንግ («አለሁ») መመለሱ የእናንተ ነው።

ሌሎችም የምሰማቸው ስህተቶች አሉ። «ማስክ (ብራውዘሩ የሚልከውን ዳታ በቁልፍ የሚቀያይርበት) ምስጠራ ነው።» አይደለም። ባለ 4 ባይት ቁልፉ እዚያው ፍሬሙ ውስጥ ነው የሚመጣው።

«አንድ ሪሲቭ (ከሶኬቱ አንዴ ማንበብ) አንድ መልእክት ነው።» ዳታውን የሚያጓጉዘው ቲሲፒ እንዲህ ብሎ ቃል አልገባም። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።

የሚያቃጥለኝ ግን ይሄኛው ነው፦ «ሶኬቱ ከተሰጠኝ የኔ ነው፣ ስጨርስ ክሎዝ በሚባለው የሲስተሙ ፈንክሽን እዘጋዋለሁ።» የሰው በሬ ተውሰህ ስታርስ ውለህ ማታ ለባለቤቱ ትመልሳለህ እንጂ ገበያ አውጥተህ ትሸጠዋለህ?

የዚሁ ልጅ ሲስተም ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያሉ ሁለት የበቆሎ መጋዘኖችን እርጥበት በቀጥታ ያሳያል። አንድ ቀን የፍኖተ ሰላሙን የከፈተ ሰው የቡሬን ቁጥር ያያል። ሰንሰር ቀየሩ፣ ኬብል ቀየሩ፣ ወይ ፍንክች። ኮዱን ከፍቼ ሳየው የቡሬው ተመልካች ሲወጣ አንዱ ትሬድ (ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት ሥራዎች አንዱ) ሶኬት 9ን ክሎዝ ያደርጋል። የሚልከው ትሬድ ግን ወሬውን አልሰማም፣ 9 ላይ መጻፉን ቀጥሏል። ሊኑክስ ደግሞ ለአዲስ መጪ የሚሰጠው ካልተያዙት ቁጥሮች ትንሹን ነው። 9 ለፍኖተ ሰላሙ ሰው ደረሰው። አለቀ!

መጀመሪያ የሚልከውን ትሬድ አስቁሙ፣ ከዚያ ኤምኤችዲ አፕግሬድ አክሽን በሚባለው የላይብረሪው ፈንክሽን የመዝጊያውን ትእዛዝ ስጡ። ሶኬቱን ላይብረሪው ራሱ ይዘጋዋል። ቲኤልኤስ (የኮኔክሽኑ ምስጠራ) ካለማ እጃችሁ ላይ ያለው የውስጥ ጥንድ ሶኬት አንዱ ጫፍ ብቻ ነው፣ ከደንበኛው ጋር የተገናኘው እውነተኛው ላይብረሪው ጋ ነው። ሰርቨሩን ከማጥፋታችሁ በፊትም የተዋሳችሁትን ሁሉ መልሱ። አፕግሬድ ኮልባኩ፣ ላይብረሪው ሶኬቱን ሊያቀብላችሁ የሚጠራው የእናንተው ፈንክሽን፣ ውስጥ ደግሞ ሉፕ ጀምራችሁ አትቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱ ትሬድ ከሌለው ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

አሁን ልጁ «ጋሼ፣ ሶኬቱ ካልተዘጋማ ወዲያኛው ወገን አለ ማለት ነው» ማለት ጀምሯል። መጋዘኑ መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ተሰናብቶ አይሄድም፣ ዝም ይላል እንጂ። በየ30 ሰከንዱ ፒንግ ላክ፣ ሁለቴ ካልመለሰ ዝጋው አልኩት። በክሎዝ ግን አይደለም!