ጃግሪቲ፦ የመምህር ሼካርና የተማሪዎቹ ፊልም

ጃግሪቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ለዕይታ የበቃ ጥቁርና ነጭ የህንድ ፊልም ነው፤ ቋንቋው ሂንዲ ነው። ያዘጋጀው ሳትየን ቦስ ሲሆን ታሪኩ በ1949 በቤንጋሊ ከተሠራው የራሱ ፊልም፣ ከፓሪባርታን የተወሰደ ነው። ፊልምፌር በተባለው የህንድ ፊልሞች ሽልማት ምርጥ ፊልም ተብሏል፤ መምህሩን ሆኖ የተወነው አቢ ባታቻርያም የምርጥ ረዳት ተዋናይነቱን ወስዷል።

አጃይ ተሞላቅቆ ያደገ የሀብታም ቤት ልጅ ነው። አስቸግሮ አስቸግሮ አጎቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገቡታል። እዚያ በምርኩዝ የሚሄደው ሻክቲ ይወዳጀዋል። የማደሪያው አዲስ ኃላፊ ሼካር ልጆቹን ከመጽሐፍ አስወጥቶ በሌላ መንገድ ለማስተማር ይነሣል፤ አጃይ ግን አይመለስም። ከማደሪያው ሲጠፋ ሻክቲ ሊያስቀረው ይከተለዋል፣ መኪና ገጭቶትም ይሞታል። አጃይ ልብ የሚገዛው ከዚህ በኋላ ነው። የፊልሙ ድክመት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁን የለወጠው የሼካር ዘዴ ሳይሆን የጓደኛው ሞት ነው።

የማስተማሩ ጥበብ በግልጽ የሚታየው በባቡሩ ዘፈን ነው። ሼካር ተማሪዎቹን ይዞ አገር ሊያሳይ ይወጣል፤ ካቪ ፕራዲፕ ራሱ ጽፎ ራሱ በዘፈነው፣ ሄማንት ኩማር ዜማ በሠራለት መዝሙር ታሪክና ጂኦግራፊ አብረው ይሰጣሉ። መጀመሪያ ሂማላያና ጋንጌስ፣ ቀጥሎ የጦረኞቹ የራጅፑቶች ምድር፣ የንጉሥ ሺቫጂ አገር ማራታ፣ እንግሊዞች በ1919 ሕዝብ የፈጁበት ጃሊያንዋላ ባግ፣ በመጨረሻም ቤንጋል ይመጣሉ። አዝማቹ የመሥዋዕትነት ምድር ናትና አፈሯን ግንባራችሁን ቀቡ ይላል፤ ልጆቹም «ቫንዴ ማታራም» (እናት አገር ሆይ፣ እሰግድልሻለሁ) እያሉ ይቀበላሉ። ህንድ ከእንግሊዝ ነጻ ከወጣች ገና 7 ዓመቷ ነበርና ለዚያ ትውልድ ልጆች ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር። አሻ ቦስሌ ስለ ጋንዲ የዘፈነችው፣ ያለ ሰይፍና ያለ ጋሻ ነጻ አወጣኸን የሚለው መዝሙርም የዚሁ ፊልም ነው፤ በጋንዲ ልደት፣ ኦክቶበር 2፣ ዛሬም ይሰማል።

ሻክቲን ሆኖ የተወነው ራታን ኩማር ብዙ ሳይቆይ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፓኪስታን ሄደ። በዚያም በ1957 በወጣው ቤዳሪ ላይ ተወነ። ቤዳሪ ጃግሪቲን ከታሪኩ እስከ ዜማው የገለበጠ ነው፤ የባቡሩ ጉዞ የፓኪስታን ሆነ፣ በጋንዲ ቦታም የፓኪስታን መሥራች ጂና ገባ። ተመልካቹ ግን ዋናውን ያውቀው ስለነበር ተቃውሞ ተነሣ፤ ፊልሙም ታገደ። መዝሙሮቹ ግን ከእገዳው አምልጠው በፓኪስታን ልጆች አፍ ቀሩ።