ሥነ ምግብና ጤና ከፅንስ እስከ እርጅና፦ የምርምሩ አጠቃላይ ዳሰሳ

የሕይወት ዘመን ሥነ ምግብ ምርምር ሰው ከተፀነሰበት ጊዜ አንሥቶ እስከ እርጅናው ድረስ የሚያገኘው ምግብ በዕድገቱ፣ ለበሽታ ባለው ተጋላጭነትና በዕድሜው ርዝመት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ የሚመረምር የሳይንስ ዘርፍ ነው። ዘርፉ የሕፃናት ሕክምናን፣ የኅብረተሰብ ጤናን፣ የሥነ ሕዝብንና የዘረመል ሳይንስን ዘዴዎች በአንድነት ይጠቀማል። አንድ ንጥረ ምግብ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ በዚህ ዘርፍ ዘንድ በየትኛው ዕድሜ፣ በምን መጠንና ለማን የሚሉት እስካልተጨመሩበት ድረስ መልስ አይገኝለትም።

ለዚህ ቫይታሚን ኤ ጥሩ ማሳያ ነው። እጥረቱ በስፋት በሚታይባቸው አካባቢዎች ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኤ በየጊዜው መስጠት ሞትን እንደሚቀንስ በርካታ ሙከራዎች አሳይተዋል። ይኸው ቫይታሚን በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለጨቅላዎች ሲሰጥ ግን ውጤቱ ከአገር አገር ስለተለያየና በጥቅሉ አሳማኝ ስላልሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ለጨቅላዎች እንዲሰጥ እንደማይመክር አስታውቋል። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ሬቲኖል የተባለውን የቫይታሚኑን ዓይነት አብዝቶ መውሰድ ደግሞ በፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያስከትል ይችላል። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን በፊንላንድ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 ዓመት በሆነ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ በተደረገ ሙከራ ተፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነው ውጤት የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት ይልቅ በወሰዱት ዘንድ በ18 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ከዚያ ቀደም ቤታ ካሮቲን ያላቸውን ምግቦች አዘውትረው የሚመገቡ ሰዎች በካንሰር እምብዛም እንደማይያዙ የምልከታ ጥናቶች ያሳዩ ስለነበር የተጠበቀው ተቃራኒው ነበር።

ዘርፉ የበቀለበት የሥነ ምግብ ሳይንስ በመጀመሪያ ዘመኑ ዕድሜን ከቁም ነገር አልቆጠረም። ስኮትላንዳዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 የቫይታሚን ሲ እጥረት በሚያስከትለው በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ልዩ ልዩ ነገር ሲመግባቸው፣ ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ፈጥነው አገገሙ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ክርስቲያን አይክማን በጃቫ ደሴት ዶሮዎችን ሲያጠና ነርቭንና ልብን የሚጎዳውን ቤሪቤሪን የሚመስል ሕመም ከተፈተገ ሩዝ ጋር አያያዘ፤ ካሲሚር ፉንክም እ.ኤ.አ. በ1912 ለእነዚህ ገና ያልታወቁ ንጥረ ነገሮች የቫይታሚንን ስም አወጣላቸው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጥያቄው ምን ጎደለ የሚል ነበር እንጂ መቼ ጎደለ የሚል አልነበረም።

«መቼ» የሚለውን ጥያቄ ወደ መድረኩ ፊት ያመጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር ነው። በእንግሊዝ ኸርትፎርድሺር ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የሕፃናት ክብደት በተወለዱበት ቀንና አንድ ዓመት ሲሞላቸው በመዝገብ ይሰፍር ነበር። ባርከርና ባልደረቦቹ ከ1911 እስከ 1930 የተወለዱ 5,654 ወንዶችን ከእነዚህ መዛግብት ተነሥተው ፈልገው እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ሲወለዱና በአንድ ዓመታቸው ክብደታቸው እጅግ አነስተኛ የነበረው በልብ ሕመም በብዛት መሞታቸውን አሳዩ። የባርከር ትርጓሜ በማሕፀን ውስጥ ምግብ ያጠረው ፅንስ ለዕለቱ ለመትረፍ ሲል አካሉን ያስተካክላል፣ ማስተካከያው ግን ከዓመታት በኋላ ዋጋ ያስከፍላል የሚል ነበር። ተቺዎቹ ዝቅተኛ ክብደት ይዘው የተወለዱት በአብዛኛው የድሃ ልጆች ስለሆኑ ድህነት ራሱ ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል አሉ። ትችቱ ተገቢ ነበር፤ በመዝገብ ላይ ብቻ በተመሠረተ ጥናትም ሙሉ በሙሉ ሊመለስ የሚችል አልነበረም።

ድህነትን ከረሃብ ለይቶ ለማየት ያስቻለው ማንም ያላቀደው መከራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 ጸደይ፣ የጀርመን ጦር ወደ ምዕራብ ኔዘርላንድ የሚገባውን ምግብ በማገዱ የአንድ ጎልማሳ የቀን ድርሻ ከ1,000 ኪሎ ካሎሪ በታች ወረደ። ረሃቡ ሀብታም ድሃ ሳይለይ የወረደ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ፣ ከዚያ በፊትና በኋላም በቂ ምግብ የነበረበት ስለነበር፣ ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን ሰው የልደት ቀን ተከትለው ረሃቡ በስንተኛው የእርግዝና ወር እንዳገኘው ማስላት ቻሉ። በእርግዝናው መጀመሪያ ላይ ለረሃቡ የተጋለጡት ሲወለዱ ክብደታቸው ከሌሎች ያነሰ ባይሆንም፣ በጉልምስናቸው ለልብ ሕመምና ከልክ ላለፈ ውፍረት ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። በእርግዝናው መጨረሻ ላይ የተጋለጡት ግን አነስተኛ ክብደት ይዘው ተወለዱ፤ በኋላም ሰውነታቸው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የመቆጣጠር ችሎታው የተዳከመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ደግሞ በፅንሰት አካባቢ ረሃቡ ያገኛቸው ሰዎች ከስድሳ ዓመት በኋላም አንድ የዕድገት ዘረመልን በሚቆጣጠሩ ኬሚካላዊ ምልክቶች ከወንድምና እኅቶቻቸው እንደሚለዩ አሳየ። ይህ ግኝት ብዙ ተወርቶለታል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ትንሽ መሆኑና በሽታን በቀጥታ ማስከተሉ አለመረጋገጡ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ከጦርነቱ በኋላ የቀጠለው የብሪታንያ የስኳር ራሽንም ተመሳሳይ አጋጣሚ ፈጥሯል። ራሽኑ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1953 ሲነሣ የስኳር ፍጆታ በአጭር ጊዜ በእጥፍ ገደማ አደገ። በማሕፀንና በሕፃንነታቸው በራሽኑ ዘመን ያለፉትን ከዚያ በኋላ ከተወለዱት ጋር ያነጻጸረ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት፣ የቀደሙት በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በደም ግፊት የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ20 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ መሆኑን ዘግቧል።

በዕቅድ ከተደረጉት መካከል ለረጅም ጊዜ ክትትል የሚስተካከለው የሌለው የጓቲማላው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች በሁለቱ ፕሮቲን ያለው አቶሌ የተባለ መጠጥ፣ በሁለቱ ፕሮቲን የሌለውና ኃይል ሰጪነቱ ያነሰ ፍሬስኮ የተባለ መጠጥ ይታደል ነበር። ሕፃናቱ አድገው ሥራ ከያዙ በኋላ ሲፈለጉ፣ ከልደት እስከ ሁለት ዓመታቸው አቶሌ ያገኙት ወንዶች የሰዓት ገቢያቸው በአማካይ በ46 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከሦስት ዓመታቸው በኋላ ማግኘት ግን በገቢ ላይ ልዩነት አላመጣም፤ በሴቶች ገቢም ላይ ጭማሪ አልታየም። ከፅንሰት እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያሉት 1,000 ቀናት በፖሊሲ ሰነዶች ሁሉ የሚጠቀሱት በዋናነት በእንዲህ ያሉ ውጤቶች ምክንያት ነው። ከእነዚህ ቀናት በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም የሚለው አነጋገር ግን ከማስረጃው የራቀ ነው፤ መቀንጨርን በኋላ ማካካስ ከባድ ነው ማለትና አይቻልም ማለት አንድ አይደሉም።

በእርግዝና ዙሪያ ከተደረጉት ሙከራዎች ውጤቱ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የነበረው የፎሊክ አሲድ ሙከራ ነው። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን አካባቢ የሚዘጋ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በሰባት አገሮች በሚገኙ 33 ማዕከላት፣ ከዚያ በፊት የነርቭ ቱቦ ጉድለት ያለበት ልጅ ያረገዙ 1,817 ሴቶችን ያሳተፈው ሙከራ፣ በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የጉድለቱን መደጋገም በ72 በመቶ እንደሚከላከል በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ። ማርገዝ ለሚችሉ ሴቶች ሁሉ በቀን 400 ማይክሮ ግራም የሚለው ምክርና ዱቄትን በፎሊክ አሲድ የማበልጸግ ሕግ የዚህ ዓይነቱ ማስረጃ ውጤቶች ናቸው። ክኒኑ ብቻውን የማይበቃውም ብዙ እርግዝና ሳይታቀድ ስለሚመጣ ነው።

በጨቅላነት ዘመን ተመራማሪውን የሚገጥመው ችግር የሥነ ምግባር ነው፤ እናቶችን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን ጡት እንዳያጠቡ ማድረግ አይቻልም። በቤላሩስ የተደረገው ጥናት ይህን ያለፈው ሆስፒታሎችን በዕጣ በመመደብ ነው፦ ማጥባትን የሚደግፍ ሥልጠና ባገኙትና ባላገኙት 31 ሆስፒታሎች የወለዱ 17,046 እናቶችና ሕፃናት ተነጻጽረው፣ ድጋፍ ባለበት ወገን በመጀመሪያው ዓመት የሆድ ኢንፌክሽን ቀንሶ፣ በስድስት ዓመት ተኩልም የአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤት ከፍ ብሎ ተገኘ። ከምልከታ ጥናቶች በተቃራኒ ግን በልጆቹ ውፍረት ላይ ለውጥ አልታየም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የሕፃናት ዕድገት መለኪያም የዚህ ዘመን ትልቅ ሥራ ነው። በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት እየጠቡ በጥሩ ሁኔታ ያደጉ ሕፃናትን ለክቶ የተዘጋጀው መለኪያ፣ ከአምስት ዓመት በታች በአገሮች መካከል የሚታየው የቁመት ልዩነት በአብዛኛው ከዘር ይልቅ ከአመጋገብና ከኑሮ ሁኔታ የሚመነጭ መሆኑን አሳይቷል።

ጊዜ አስቀድሞ የተሰጠ ምክርን የገለበጠበትም ሁኔታ አለ። ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ኦቾሎኒ እስከ ሦስት ዓመታቸው እንዳይቀምሱ ይመከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነውና 640 ሕፃናት የተሳተፉበት ሙከራ ግን ከ4 እስከ 11 ወራቸው ጀምሮ ኦቾሎኒ እንዲመገቡ ከተደረጉት ውስጥ በአምስት ዓመታቸው አለርጂው የታየባቸው 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከተከለከሉት ውስጥ 17.2 በመቶ ነበሩ። በሌላ በኩል በዛንዚባሯ የፔምባ ደሴት ወባ በበዛበት አካባቢ ለሕፃናት ሁሉ ብረትና ፎሊክ አሲድ ማደል ወደ ሆስፒታል መግባትንና ሞትን በማብዛቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናት ብረት የሚሰጥበት ክፍል እንዲቆም ተደርጓል፤ የብረት እጥረት የነበረባቸው ሕፃናት ግን ተጠቅመውበታል።

ጉርምስና ከሁሉ ያነሰ ጥናት የተደረገበት ዘመን ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ዕድሜ አጥንት ፈጥኖ ይገነባል፣ የወር አበባ የጀመረች ልጅ የብረት ፍላጎትም ከፍ ይላል፤ በአሜሪካ መመሪያ መሠረት ከ9 እስከ 18 ዓመት በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚከማቸው አጥንት በእርጅና ለሚመጣው የአጥንት መሳሳት ስንቅ ነው።

በጉልምስና ላይ የሚደረገው ምርምር ብዛቱ ይበልጣል፣ ክርክሩም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ 121,700 ነርሶችን ይዞ የጀመረው የክትትል ጥናት ተሳታፊዎቹ ምን ያህል ጊዜ ምን እንደሚመገቡ በየተወሰነ ዓመት በመጠይቅ ይጠይቃል። ሰው ግን የበላውን ይረሳል፣ ያሳፈረውንም ያሳንሳል፤ ጤናማ ይበላል የሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አያጨስም፣ ይንቀሳቀሳል፣ ሐኪም ዘንድም ይሄዳል። በዕጣ የሚደረጉ ሙከራዎች ይህን ችግር ይቀርፋሉ፣ ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። 48,835 ያረጡ ሴቶችን ለስምንት ዓመት ያህል የተከታተለው የአሜሪካ የዝቅተኛ ስብ አመጋገብ ሙከራ በልብ ሕመምም ሆነ በጡት ካንሰር ላይ ጉልህ ቅናሽ ሳያሳይ ተጠናቀቀ። የስፔኑ የሜዲትራኒያን አመጋገብ ሙከራ በዕጣ አመዳደቡ ላይ ስሕተት ስለተገኘበት እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያው ጽሑፍ ተሰርዞ በአዲስ ትንተና ታተመ። ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ነው፤ አመጋገብንና እንቅስቃሴን ማስተካከል በሽታውን በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት በ31 በመቶ ቀንሷል።

ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት ኃይል አጠቃቀም ይቀዘቅዛል የሚለው የተለመደ አስተሳሰብም ተፈትኗል። የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ልዩ አይሶቶፖች (ክብደታቸው ከተለመዱት የተለየ አተሞች) ያሉበት ውሃ ጠጥቶ አይሶቶፖቹ ከሰውነት የሚወጡበትን ፍጥነት በመለካት የ6,421 ሰዎችን የኃይል ወጪ ከ8 ቀን ሕፃን እስከ 95 ዓመት አዛውንት ያነጻጸረው እ.ኤ.አ. የ2021 ጥናት፣ ወጪው ከአካል መጠን ጋር ሲመዛዘን በአንድ ዓመት አካባቢ ከጎልማሳ በ50 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለበት እንደሚቆይ፣ ከዚያም በኋላ ቀስ በቀስ እንደሚወርድ አሳይቷል። በአርባዎቹ ለሚመጣው ውፍረት የሚቀርበው የተለመደ ሰበብ በዚህ ደካማ ሆኗል።

በእርጅና ዘመን ጥያቄው ከመወፈር ወደ መመናመን ይዞራል። ጡንቻ ይሟሽሻል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ የጨጓራ አሲድ በማነሱ ከምግብ የሚገኘውን ቫይታሚን ቢ12 መለየት ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ1994 አማካይ ዕድሜያቸው 87 ዓመት በሆነ 100 የአረጋውያን ማቆያ ነዋሪዎች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ለአሥር ሳምንት ክብደት በማንሣት ልምምድ ማድረግ የጡንቻ ኃይልን ከእጥፍ በላይ እንደሚያሳድግ፣ ያለ ልምምድ ተጨማሪ ምግብ መስጠት ብቻውን ግን ለውጥ እንደማያመጣ አሳየ። በጎልማሶች ላይ የሚሠራው የውፍረት መለኪያም ለአረጋውያን በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ምክንያት መክሳት ከመጠነኛ ውፍረት ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል።

በመመሪያ ሰንጠረዦች ላይ ለየዕድሜው የሰፈሩት ቁጥሮች እኩል ማስረጃ የላቸውም። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚወጡት መጠኖች በአብዛኛው ጤናማ ሕፃን በቀን ይጠባዋል ተብሎ በሚገመተው 780 ሚሊ ሊትር የጡት ወተት ውስጥ ያለውን በማስላት የተገኙ ናቸው፤ ለትልልቅ ልጆች ከተሰጡት ብዙዎቹ የጎልማሳው መጠን በክብደት ተመዝኖ የተቀነሰ ነው። እርጉዞችና ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ደግሞ ከሙከራዎች ስለሚገለሉ ቁጥሮቻቸው ከሌሎች ይዋሳሉ። አሁን ለውጥ እያመጣ ያለው ምልክት የተደረገበት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) በትንፋሽ ሲወጣ በመለካት የፕሮቲንን ፍላጎት በሰዓታት ውስጥ የሚገምት ዘዴ ነው። ዘዴው ተሳታፊውን ስለማያስቸግር እርጉዞችንም አረጋውያንንም ያሳትፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጡ ጥናቶች ለእርጉዞች በእርግዝናው መጨረሻ በቀን በኪሎ ክብደት 1.52 ግራም፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች 0.96 ግራም አማካይ ፍላጎት ተገምቷል፤ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ ያሉት 0.88 እና 0.66 ናቸው። የአንድ ቀን ልኬት የወራትን ፍላጎት ሊወክል አይችልም የሚሉ ወገኖች ስላሉ ሁለቱ ወገኖች በቁጥሩ ላይ አልተስማሙም።